የሌዘር መለኪያና የሽማግሌ እርምጃ

ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በአውሮፓ፣ በጃፓንና በአሜሪካ በሚገኙ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አረማመድ በሌዘር ጨረርና በሮቦት ለመለካት ብዙ ሙከራ ተደርጓል። የሙከራውም ውጤት በልዩ ልዩ የምርምር መጽሔቶች ታትሞ ወጥቷል። ከእነዚህ ጽሑፎች መካከል ጥቂቶቹን መርጠን፣ ምን እንደ ተሳካላቸውና ምን እንደ ጎደላቸው ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ለማቅረብ አስበናል። ፍርዳችንን አስቀድመን ብንናገር ይሻላል፤ መሣሪያው እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ሠሪዎቹ የሚመኩበት ጥራት አንድ ነገር ሲሆን ሽማግሌውን የሚጠቅመው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሰው አረማመድ ይህን ያህል ድካም የሚገባው ስለ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ በሩ ሲሄድ ልቡ፣ ሳንባው፣ ዐይኑ፣ ጆሮው፣ መገጣጠሚያው፣ ጡንቻውና አእምሮው ሁሉም በአንድነት ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲደክም እርምጃው ያጥራል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። በ2011 ዶክተር ስቴፋኒ ስቱደንስኪና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ቀደም ብለው የተደረጉ ዘጠኝ ጥናቶችን አጠቃለው፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 34,485 ሰዎች መዝገብ መረመሩ። በሰከንድ 0.1 ሜትር በበለጠ ፍጥነት የሚሄድ ሰው፣ በዕድሜ ከሚተካከለው ዘገምተኛ ይልቅ የመሞት አደጋው 12 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ማለት ሽማግሌን ማስሮጥ ዕድሜ ያረዝማል ማለት አይደለም፤ ፍጥነቱ ምልክት ነው እንጂ ምክንያት አይደለም። ደግሞም ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በየዓመቱ እንደሚወድቅ የታወቀ ነው። በእርጅና ጊዜ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ በኋላ ምን እንደሚከተል በየቤታችን የምናውቀው ስለሆነ መተንተን አያስፈልግም።

አረማመድን በመሣሪያ መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። በጀርመን አገር የዌበር ወንድማማቾች በ1836 ስለ ሰው መራመጃ አካላት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ከእነርሱም በኋላ ብራውነና ፊሸር የተባሉት ሊቃውንት በሰው አካል ላይ የሚያበሩ የመስተዋት ቱቦዎች አስረው በጨለማ ውስጥ እያስኬዱ ፎቶግራፍ አነሡ። ብራውነ በ1892 ሲሞት ፊሸር ሥራውን ብቻውን ቀጠለ፤ ጽሑፉም ከ1895 እስከ 1904 በተከታታይ ወጣ። ይሁን እንጂ በእነዚህ ዘመናት የሚጠናው ጤነኛና ጠንካራ ሰው ነበር። የጤነኛ ሽማግሌዎችን አረማመድ ለብቻው አጥንተው ስም ያተረፉት አሜሪካዊቷ ሜሪ ፓት መሪ ጽሑፋቸውን ያወጡት በ1969 ነው። ሽማግሌው በዚህ ትምህርት ውስጥ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሐኪሞች ግን ፎቶግራፍ የሚያነሡበት ጊዜም ገንዘብም ስላልነበራቸው ቀላል መንገድ ፈለጉ። በ1986 በእንግሊዝ አገር ሽማግሌው ከወንበር ተነሥቶ፣ ጥቂት ተራምዶ፣ ዞሮ ተመልሶ እንዲቀመጥ እየተደረገ፣ ሐኪሙ በዐይኑ አይቶ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት ፈተና ተፈጠረ። በ1991 በካናዳ ፖድሲያድሎና ሪቻርድሰን ርቀቱን 3 ሜትር አድርገው ወሰኑና ነጥቡን በሰዓት ተኩት። ዛሬ ይህ የሰዓት ፈተና በብዙ አገሮች ይሠራበታል። የሚጠይቀውም አንድ ወንበር፣ ሦስት ሜትር የሚሆን ባዶ ወለል፣ ሰከንድ የሚቈጥር አንድ ሰዓትና አንድ ታጋሽ ሰው ብቻ ነው። ወደ ፊት ስለ ሌዘር የምንናገረውን ሁሉ አንባቢው ከዚህ ከወንበሩና ከሰዓቱ ጋር እያነጻጸረ እንዲመለከትልን እንለምናለን።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። የመጀመሪያው ሌዘር የተሠራው በ1960 በአሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን ነው። ርቀት የሚለካው መሣሪያ ግን ከዚያ በኋላ የተገኘ ሲሆን፣ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው፤ ጨረር ወደ አንድ ነገር ይልካል፤ ጨረሩ ነክቶት ሲመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቈጥራል፤ ከጊዜውም ርቀቱን ያወጣል። ቀላል የሆነው ሐሳቡ ብቻ ነው እንጂ ሥራው አይደለም፤ ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ነገር በአንድ ሴንቲሜትር ቢርቅ ጨረሩ የሚዘገየው የቢሊዮንኛ ሰከንድ አሥራ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ይህን ቈጥሮ የሚያውቅ፣ በአንድ እጅ ሊያዝ የሚችል ዕቃ መኖሩ ራሱ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

በዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ የጃፓኑ የሆኩዮ ፋብሪካ የሚሠራው መሣሪያ ነው። ጨረሩን በሚሽከረከር መስተዋት አማካይነት በ270 ዲግሪ ላይ ይዘረጋል፤ በየሩብ ዲግሪው አንድ ነጥብ ይለካል፤ ይህንም በሰከንድ 40 ጊዜ ይደጋግማል። ሲደመር በሰከንድ ከ43,000 በላይ ነጥቦች ይሆናሉ። መሣሪያው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በቁርጭምጭሚት ወይም በባት ትክክል ይቀመጣል። እንግዲህ ለእርሱ ሰው ማለት በወለል ላይ የሚንቀሳቀሱ ሁለት ትናንሽ ቅስቶች ናቸው፤ ጭንቅላት የለውም፤ ፊትም የለውም። በ4 ሜትር ርቀት ላይ በሁለት ተከታታይ ነጥቦች መካከል ያለው ክፍተት 1.7 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚሆን፣ በአንድ ቁርጭምጭሚት ላይ አራት ወይም አምስት ነጥብ ያርፋል። በ10 ሜትር ላይ ግን ክፍተቱ ከ4 ሴንቲሜትር ይበልጣል፤ ያን ጊዜ የአንድ ሰው እግር በሁለት ነጥብ ብቻ ይወከላል።

በዚህ መንገድ ከተሠሩት ጥናቶች ውስጥ የስፔኑ የዬይዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2009 ያወጡት ንጹሕና ግልጽ ሆኖ አግኝተነዋል። ወለል አጠገብ አንድ ሌዘር አስቀምጠው፣ በቀጥታ መስመር የሚራመድን ሰው እግሮች ለይተው የእርምጃውን ርዝመትና ፍጥነት አወጡ። የጃፓኑ የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2015 ከባዱን ክፍል ደፈሩ። በሰዓቱ ፈተና ውስጥ ሽማግሌው ሲዞር አንዱ እግር ሌላውን ይሸፍነዋል፤ ሌዘሩም አንዱን እግር ያጣዋል። እነርሱም የእርምጃውን ደረጃ እየተከተሉ፣ የጠፋው እግር የሄደበትን ጐዳና በሒሳብ እየሞሉ ይህን ችግር አቃለሉት። ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ሲዞሩ በመሆኑ ይህ ሥራ ለብልኀት ብቻ የተደረገ አይደለም። በግሪክ የአቴና ብሔራዊ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሌዘሩን ሽማግሌው በሚደገፍበት ባለ ጎማ ሮቦት ላይ አድርገው፣ ከፊት ሆኖ የሚከተለውን ሰው እግሮች እንዲመለከት አድርገዋል።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ያነጋገረን የጀርመኑ የኦልደንቡርግ ሥራ ነው። በዚያ በአንድ በኩል የሰዓቱን ፈተና ወንበር ራሱን መለኪያ አደረጉት፤ በወንበሩ እግሮች ውስጥ የክብደት መለኪያ፣ ከመቀመጫውም ሥር ሌዘር አስገቡበት። ሽማግሌው መቼ እንደ ተነሣና መቼ እንደ ተቀመጠ ወንበሩ ያውቃል። በሌላ በኩል በ2010 በሽማግሌው ቤት ውስጥ እየተዘዋወረ ሌዘር የሚሸከም ሮቦት አቀረቡ። ምክንያታቸውም ይህ ነው፤ በግድግዳ ላይ የተተከለ መሣሪያ አንድ ክፍል ብቻ ያያል፤ በየክፍሉ ለመትከል ደግሞ ቤቱን መቈፈር ያስፈልጋል። ሮቦቱ ግን ቤቱን አጥንቶ፣ ሰውየው ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ የሚሄድባቸውን ሥፍራዎች ለይቶ፣ ለመመልከት በሚመቸው ጥግ ቆሞ ይለካል። ሽማግሌው «አሁን ተራመድ» ሳይባል በገዛ ፈቃዱና በገዛ ፍጥነቱ ሲሄድ መለካት የሚለው ሐሳብ፣ በእኛ አስተያየት፣ በዚህ መስክ ከቀረቡት ሁሉ የላቀው ሐሳብ ነው።

ከዚህ በኋላ ትችታችን ይጀምራል።

በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚታየው ሙግት እንዲህ የሚል ነው፤ ሰዓት የሚይዝ ሰው ጣቱ ይዘገያል፤ ሌዘር ግን አይዘገይም፤ ስለዚህ ሌዘር ይበልጣል። ይህን በቍጥር እንመርምረው። አንድ ሽማግሌ 4 ሜትር በ5 ሰከንድ ቢሄድ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው። የሐኪሙ ጣት በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ቢሳሳት፣ ፍጥነቱ 0.77 ሆኖ ይጻፋል፤ ስሕተቱ 0.03 ነው። በ2006 የወጣ የታወቀ ጥናት ደግሞ ለሽማግሌ ትርጕም ያለው ትንሹ ለውጥ በሰከንድ 0.05 ሜትር፣ ትልቁ ለውጥ 0.10 ሜትር መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ የጣቱ ስሕተት ከትንሹ ለውጥ እንኳ ያነሰ ነው። ፈተናው ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ስሕተቱ ያለው ጣቱ ላይ አይደለም። ያለው ሽማግሌው በዓመት አንድ ቀን፣ የክት ጫማውን ተጫምቶ፣ ነጭ ካፖርት በለበሰ ሰው ፊት፣ በለሰለሰ ኮሪደር ላይ በመሄዱ ነው። ሰው እየታየ ሲራመድ በቤቱ ከሚሄደው ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሄድ በብዙ ጥናት ታውቋል። ሌዘሩን በዚያው ኮሪደር አስቀምጠን ሚሊሜትር ብንቈጥር፣ ያንኑ የታይታ አካሄድ በበለጠ ጥራት ለካን ማለት ነው።

ሰዓት ፈጽሞ የማይደርስበት አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም የእርምጃ መዋዠቅ ነው። ሐውስዶርፍና ባልደረቦቹ በ2001 ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 52 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል። አንድ እግር መሬት ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ያው እግር እንደገና እስኪነካ ድረስ ያለው ጊዜ ከእርምጃ ወደ እርምጃ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ሲመረመር፣ በኋላ በወደቁት ላይ 106 ሚሊሰከንድ፣ ባልወደቁት ላይ 49 ሚሊሰከንድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ልዩነት በዐይን አይታይም። እዚህ ላይ ሌዘር ይረዳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ነገር ግን የትኛው ሌዘር? ከዚያው ፋብሪካ የሚወጣው አነስተኛውና ርካሹ ዓይነት ወለሉን የሚያየው በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ ነው። በአየር ላይ ያለው የሽማግሌ እግር በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በሁለት እይታዎች መካከል 20 ሴንቲሜትር ይሄዳል። እኛ እንዳሰላነው፣ በ100 ሚሊሰከንድ አንድ ጊዜ በማየት ብቻ የሚመጣው መዋዠቅ 40 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ይኸውም ጤነኛው ሰው ራሱ ከሚያሳየው ጋር የተቀራረበ ነው። በሰከንድ 40 ጊዜ በሚያየው መሣሪያ ግን ይኸው ስሕተት ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። በእርግጥ በሒሳብ መሙላት ይቻላል፤ የኬዮ ሰዎችም ይህን በሚገባ አሳይተዋል። ነገር ግን በሒሳብ የሚሞላ ጐዳና የሚሞላው እግሩ በሥርዓት እንደሚሄድ ተቈጥሮ ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ እግሩ ሥርዓቱን የሚስትበትን ጊዜ ነው። የሚሞላው ሒሳብ መሰናከሉን ራሱን አለስልሶ እንዳያጠፋው ያሠጋል። በተመለከትናቸው ጽሑፎች ውስጥ ይህ ሥጋት የሚገባውን ሥፍራ አላገኘም።

ቀጥሎ የልብስ ነገር ይመጣል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ እኛ ግን ቀላል ነው አንልም። ሌዘሩ ሁለት እግር የሚለየው በሁለቱ መካከል ባዶ ሥፍራ ሲያይ ነው። ሱሪ ለለበሰ ሰው ይህ ጥሩ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ ለለበሰች ሴት ግን የሚታየው አንድ ሰፊ፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነገር ነው። ይህ ጉድለት በሮቦት ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ፈተናው ላይ ሱሪ ማልበስ ወይም ቀሚሱን መሰብሰብ ሆኗል። በአገራችን ለሚገኙ እናቶችና አያቶች ይህን ሐሳብ ማን እንደሚያቀርብላቸው አናውቅም። በዕድሜ ከገፉት ሰዎች መካከል ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ፤ እንግዲህ መሣሪያው ሊያያቸው የሚገባቸውን ብዙዎቹን በደንብ አያይም። በሌላ በኩል ደግሞ ከዘራ አለ። ሽማግሌው ከዘራውን ሲተክል ሌዘሩ ሦስት እግር ያያል፤ ከሦስቱ የትኛው ከእንጨት እንደ ሆነ ለማወቅ የተለየ ብልኀት ይጠይቀዋል። በምርኩዝ የሚሄዱትን ከሙከራው ማስወጣት ቀላል መንገድ ነው፤ ይህ ግን ሳል ያለበትን ሰው ከሳንባ ምርመራ እንደ ማስወጣት ነው።

ከልብስና ከከዘራ ይልቅ የሚያሳስበን ግን እግሩ ስም የሌለው መሆኑ ነው። በኦልደንቡርግ የታሰበው ቤት ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት ነው፤ ወይም ከባለቤቱ ጋር ሁለት ሆኖ የሚኖር። በእንዲህ ያለው ቤት የሚታየው እግር የማን እንደ ሆነ መገመት አይከብድም። አንድ የአዲስ አበባ ወይም የደብረ ብርሃን ሽማግሌ ግን ብቻውን አይኖርም። ልጁ አለ፤ የልጅ ልጆቹ ይሯሯጣሉ፤ ጎረቤት ለቡና ይመጣል፤ የዕድር ሰው መልእክት ይዞ ይገባል። ሽማግሌውም ሲነሣ አንድ ልጅ ክንዱን ይዞ ከጐኑ ይሄዳል፤ ሌዘሩ የሚያየው አራት እግር ነው። ፊት ስለማያይ ሌዘር የሰውን ምስጢር ይጠብቃል ተብሎ ይመሰገናል፤ ያው ምስጋና ግን ሰው በበዛበት ቤት ድክመቱ ይሆናል። ምስጢሩንም ቢሆን በሙሉ አይጠብቅም። ሰውየው ሌሊት ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ፣ በማለዳ ስንት ሰዓት ላይ ከአልጋው እንደ ወረደ፣ ማንም ያልጎበኘው ቀን የትኛው እንደ ሆነ ከእግሩ መዝገብ ሊነበብ ይችላል።

ስለ ሮቦቱ አንድ ሁለት ነገር እንጨምር። በሽማግሌ ቤት ወለል ላይ አዲስ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ያውም የሚንቀሳቀስ፣ በራሱ መሰናክል ነው። ሮቦቱ በጥግ ቢቆምም እንኳ ሽማግሌው ያውቀዋል፤ ዞር ብሎ ያልፈዋል፤ መንገዱን ይለውጣል። ስለዚህ «በገዛ ፈቃዱ የሚሄደው» የተባለው አካሄድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንጹሕ አይሆንም። ሮቦቱ የቤቱ ዕቃ ሆኖ እስኪለመድ ድረስ የተገኘውን ቍጥር ለይቶ ማስቀመጥ ይገባ ነበር። ሮቦቱ የሚናገር ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። በስፔን አገር ክላርክ የተባለው ሮቦት የሽማግሌዎችን ምርመራ ለሐኪም እንዲያግዝ ተብሎ ተሠርቷል፤ ለሽማግሌው እየተናገረ የመነሣትና የመሄድ ፈተናውን ያስፈጽማል። እንዲህ ያለው ሮቦት አንድ ቀን አማርኛ ቢናገር መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ የምሕንድስና ጥያቄ አይሆንም፤ «ተነሣ» ይላል ወይስ «ይነሡ»? በ«አንተ» የሚናገር ሮቦት ያጋጠማቸው አባት ከወንበራቸው የማይነሡ ከሆነ፣ በፈተናው መዝገብ ላይ «አቅም የለውም» ተብሎ ሊጻፍባቸው ነው።

ንግግርና እርምጃ እንዲህ መያያዛቸው ቀልድ ብቻ አይደለም። በ1997 በስዊድን አገር ሉንዲን ኦልሶንና ባልደረቦቿ ላንሴት በተባለው መጽሔት አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። በአረጋውያን መኖሪያ የሚገኙ 58 ሰዎችን፣ አብሯቸው የሚሄድ ሰው በመንገድ ላይ ወሬ ሲጀምርላቸው ማን እንደሚቆም ተመለከቱ። 12ቱ ለመናገር ቆሙ፤ ከእነርሱም 10ሩ በስድስት ወር ውስጥ ወደቁ። መራመድና መናገር በአንድ ጊዜ የማይቻለው ሰው፣ መራመዱ ራሱ አሳቡን ሁሉ የሚወስድበት ሰው ነው። ሌዘር የለ፣ ሮቦት የለ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። ይህን ጽሑፍ በጣም እናደንቀዋለን። ነገር ግን ወደ እኛ አገር እንዳለ ቢመጣ ምን ይሆናል? በእኛ ዘንድ ሽማግሌ በመንገድ ሲነጋገር መቆሙ ጨዋነት ነው። ሰላምታው ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጤና በተራ ይጠየቃል፤ እየተራመዱ መመለስ ለጠያቂው ንቀት ነው። ጤነኛውም ደካማውም እኩል ይቆማል። በስዊድን የመውደቅ ምልክት የሆነው ነገር እዚህ የአስተዳደግ ምልክት ነው። ሌዘሩ ደግሞ የሚመዘግበው «ቆመ» ብሎ ብቻ ነው። ለምን እንደ ቆመ የሚያውቀው አብሮት የነበረ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ስንል መሣሪያው ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ዋጋው ከየት እንደሚገኝ በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሳዩ ይመስለናል። በኮሎምቢያ ከተማ ታይገርፕሌስ በሚባለው፣ በ2004 በተከፈተው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ በሰዎቹ ክፍል ውስጥ መለኪያ ተክለው ለወራትና ለዓመታት አካሄዳቸውን መዝግበዋል። የተጠቀሙበት ሌዘር አልነበረም፤ ርቀት የሚለይ ካሜራና ራዳር ነበር፤ የአንዱ እርምጃ ጥራትም ከሌዘሩ ሊያንስ ይችላል። ይሁን እንጂ አንዱን ሰው ከሌላ ሰው ጋር ማነጻጸርን ትተው ከትናንት ከራሱ ጋር አነጻጸሩት። የአንድ ባልቴት ፍጥነት በሰከንድ 0.6 ሜትር መሆኑ ብዙ አይነግረንም፤ ምናልባት ሁልጊዜም ዝግ ብለው የሚሄዱ ይሆናሉ። ባለፈው ወር 0.7 የነበረው አሁን 0.6 መሆኑ ግን ሐኪም መጥራት የሚገባ ነገር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚሊሜትር አይደለም፤ ትዕግሥትና ድግግሞሽ ነው። የኦልደንቡርጉ ሮቦትም ተስፋው ያለው በዚሁ በኩል ነው፤ ነገር ግን ጽሑፎቹ ከሚገባው በላይ ስለ ስሕተቱ ማነስ ተናግረው፣ በአንድ ቤት ውስጥ ስንት ወር ሳይሰለች ሊቆይ እንደሚችል ከሚገባው በታች ተናግረዋል።

የአገራችንን አረጋውያን አረማመድ ለማጥናት የሚያስብ የኮሌጃችን ተማሪ ቢኖር በሌዘር እንዲጀምር አንመክረውም። የሚነጻጸርበት መደበኛ ቍጥር እንኳ የተወሰደው በአብዛኛው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሰዎች ነው፤ በለሰለሰና በተስተካከለ ወለል ላይ። የእኛ ሽማግሌ የሚሄደው በዳገትና በቁልቁለት፣ በኮብልስቶንና በጭቃ ነው። ከዚህ ይልቅ ሽማግሌዎች በገዛ ፈቃዳቸው በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት የሚሄዱበት አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም በእሑድ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ነው። በአንድ ሰበካ ውስጥ ፈቃዳቸው የተጠየቀ ሃያ ሰዎች ቢገኙ፣ በመንገዱ ላይ ሁለት ምልክት ተደርጎ፣ ሰዓት የያዘ አንድ ተማሪ በየሳምንቱ ለአንድ ዓመት ቢቆም፣ ቀሚሱም ከዘራውም የሚደግፈው ልጅም ምንም አያውኩትም። ማን እንደ ሆኑ በስማቸው ያውቃቸዋል። በሰላምታ የቆሙበትን ጊዜ ቀንሶ፣ በድካም የቆሙበትን ለይቶ ይጽፋል። በዐቢይ ጾምና በፋሲካ፣ በክረምትና በበጋ ፍጥነታቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ ያያል። በዚህ መዝገብ አጠገብ አንድ ሌዘር ተተክሎ ያንኑ መንገድ ቢለካ፣ መሣሪያው ከተማሪው በምን እንደሚበልጥና በምን እንደሚያንስ ያን ጊዜ በቍጥር ይታወቃል።